ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚያግድ የኤፍኤም ፊልተር፦ ከስምንት ወር አጠቃቀም በኋላ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጥ፣ በሁለቱ ጫፎቹ የኤስኤምኤ ኮኔክተር (የአንቴና ገመድ የሚያያዝበት ጫፍ) ያለው አንድ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍኤም ስርጭት ወደ ሬዲዮ ተቀባዩ እንዳይገባ ያግዳል፣ ከዚያ በታችና ከዚያ በላይ ያለውን ያሳልፋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ማብሪያና ማጥፊያ የለውም፣ በውስጡም ጥቂት የሽቦ ጥቅልሎችና ካፓሲተሮች እንጂ ሌላ ነገር የለም። የአምራቹ ስም አልተጻፈበትም፤ ለእረፍት ከውጭ አገር የመጣች የአክስቴ ልጅ በ15 ዶላር ገዝታ ነው ያመጣችልኝ። ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ስለተጠቀምኩበት፣ የሚችለውንም የማይችለውንም በመለኪያ ስላየሁት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ከሬዲዮ ጋር ለሚታገል ሰው ይጠቅማል ብዬ ያገኘሁትን እጽፋለሁ።

ፊልተሩን ያስፈለገኝ የሜቴዎር የአየር ሁኔታ ሳተላይቶችን ምስል ለመቀበል ስል ነው። እነዚህ የሩሲያ ሳተላይቶች፣ ማለትም በ2023 የመጠቀው ሜቴዎር ኤም ኤን 2-3 እና በ2024 የመጠቀው ሜቴዎር ኤም ኤን 2-4፣ የምድርን ምስል በ137.1 ወይም በ137.9 ሜጋኸርዝ ለማንም ሰው ክፍት አድርገው ይለቃሉ። ለመቀበል የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። እኔ ያለኝ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባል ተቀባይ፣ እያንዳንዳቸው 53 ሴንቲ ሜትር ከሚሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች በ120 ዲግሪ ተከፍቶ የተሠራ አንቴና፣ እንዲሁም ሳትደምፕ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። አንቴናውን ከቆርቆሮ ጣሪያችን በላይ በእንጨት አቆምኩት፤ ሳተላይቱ ከአድማስ ወጥቶ እስኪጠልቅ ያለው ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ሲደርስም መቀበል ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያገኘሁት በጥቁር መስመር የተቆራረጠ፣ ደመናውንና መሬቱን ለመለየት የሚያስቸግር ምስል ነበር።

ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ መስሎኝ ያደረግኩት ነገር ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ 20 ዴሲቤል (የኃይልን ብዜት የሚለካ መለኪያ፤ 20 መቶ እጥፍ ነው) የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ማጉያ፣ ገዝቼ ከአንቴናው ሥር አስገባሁ። ምስሉ ጭራሽ ጠፋ። ሶፍትዌሩ ላይ የሚታየው የሲግናልና የጫጫታ ልዩነት ከ4 ዴሲቤል ወደ 1 ወረደ፣ አንዳንድ ጊዜም ሶፍትዌሩ ሳተላይቱን ጨርሶ ሊይዘው አልቻለም። ገንዘብ አውጥቼ የባሰ ነገር መግዛቴ በጣም አሳዘነኝ፣ ምክንያቱንም ሳላውቅ ሌላ ዕቃ መግዛት አልፈለግሁም።

መርካቶ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት አሉ፤ ዕቃውን በቦርሳ ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን የሞገድ ሥዕል ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሬዲዮ ደንቁሮ አይደለም፤ ጮኸውበት ነው እንጂ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትና የለካሁት ሁሉ ይህንን አንድ ዐረፍተ ነገር የሚያብራራ ነው ማለት እችላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ተቀባይ መግቢያ ላይ ያለው ማጉያ በርከት ያለ የሞገድ ስፋት በአንድ ጊዜ ያስገባል፤ እኔ 137.9 ላይ ባስተካክለውም፣ በአጠገቡ ያሉ የኤፍኤም ጣቢያዎች ኃይል ወደ ማጉያው መድረሱን አያቆምም። የሳተላይቱ ሲግናል 800 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ በጥቂት ዋት ተለቅቆ የሚመጣ ነው፤ የኤፍኤም ማሰራጫው ደግሞ በኪሎዋት የሚቆጠር ኃይል እየለቀቀ ከቤታችን መስኮት በሚታይ ርቀት ላይ ቆሟል። ማንኛውም ማጉያ ግቤቱ መጠነኛ እስከሆነ ድረስ የገባውን በልኩ ያጎላል፤ ከመጠን ሲያልፍበት ግን፣ በሠርግ ዳስ ውስጥ እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ድምፅ ማጉያ፣ የማዕበሉን ጫፍ እየቆረጠ ያወጣል። የሬዲዮ ሲግናል ጫፉ ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ደካማው ሲግናል ተጨፍልቆ ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጠንካራዎቹ ሲግናሎች እርስ በርስ ተባዝተው ማንም ያልለቀቃቸው አዳዲስ የሐሰት ሲግናሎች በማጉያው ውስጥ ይወለዳሉ። ኢንተርሞዱሌሽን የሚባለው ይህ ነው። ከማጉያው በኋላ ያለው፣ ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል ደግሞ ስምንት ቢት ብቻ ነው፤ 256 እርከን ያለው ማለት ነው። እርከኖቹን ጠንካራዎቹ ጣቢያዎች ሲሞሏቸው ለሳተላይቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የሐሰት ሲግናሎቹ የሚወድቁበት ቦታ በድንገት አይደለም፤ በወረቀትና በእርሳስ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል። በጣም የተለመደው የአንዱን ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ወስዶ ከሌላው መቀነስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ107.8 እና በ97.1 የሚሰማ ስርጭት እንዳለ አንባቢ ያውቃል፤ የ107.8 እጥፍ 215.6 ነው፣ ከዚያ 97.1 ሲቀነስ 118.5 ይሆናል፤ ይህም ከኤፍኤም ክልል ውጭ፣ አውሮፕላኖች በሚነጋገሩበት ክልል ውስጥ ነው። እኔ ዘንድ በ118.5 ላይ በእርግጥም አንድ ሰፊ ሲግናል ይታይ ነበር፤ በኤፍኤም አሠራር ስሰማው፣ የአንዱ ጣቢያ ዜናና የሌላው ጣቢያ ሙዚቃ ተደራርበው በሻካራ ድምፅ ይወጡ ነበር። ሦስትና ከዚያ በላይ ጣቢያዎች ሲገቡበት ሒሳቡ ይበዛል፤ የ105.3ን እጥፍ ከ107.8 ጋር ደምረን የ90.7ን እጥፍ ስንቀንስ 137.0 እናገኛለን። እንዲህ ያለው ሲግናል በተፈጥሮው በጣም ሰፊ ስለሆነ፣ ሳተላይቱ በ137.1 በሚለቅበት ጊዜ ልክ ከላዩ ይቀመጥበታል። እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የምፈልገው ጥፋቱ የጣቢያዎቹ አለመሆኑን ነው። እነርሱ በተሰጣቸው ፍሪኩዌንሲ ንጹሕ ሲግናል ይለቃሉ፤ የሐሰቱ ሲግናል የሚወለደው በእኔ ጠረጴዛ ላይ ባለው ተቀባይ ውስጥ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱም መደረግ ያለበት በእኔ በኩል ነው።

ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት ችግራችሁ በእርግጥ ይህ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጥቂት ዶላር የሚገኝ 10 ዴሲቤል አቴንዌተር ነው። ይህ ከአንቴናው የሚመጣውን ሁሉ በእኩል የሚቀንስ ትንሽ ቱቦ ነው። አቴንዌተሩ ሲገባ እውነተኛ ሲግናል በ10 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከላይ እንደተገለጸው በሁለት ጣቢያዎች የተወለደ የሐሰት ሲግናል ግን በ30 ገደማ ይወርዳል፣ አምስት ፍሪኩዌንሲ ተደምሮና ተቀንሶ የተወለደው ደግሞ እስከ 50 ይወርዳል። እኔ ስሞክረው 97.1 ልክ እንደሚጠበቀው 10 ወረደ፣ በ118.5 የነበረው ግን ከስክሪኑ ጠፋ። በዚያች ቅጽበት ስለ መርካቶው አባት ንግግር የነበረኝ ጥርጣሬ አበቃ።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ወጪ የለውም፤ መብራት የሚሄድበትን ምሽት መጠበቅ ነው። ሰፈሩ ሙሉ ሲጨልም፣ የኤልኢዲ አምፖሎች፣ የስልክ ቻርጀሮችና የቴሌቪዥን ፓወር ሳፕላዮች የሚረጩት ጫጫታ አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩን በባትሪ አድርጌ ባየሁት ጊዜ፣ ከሥር ያለው ጫጫታ በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጥቂት ዴሲቤል ወረደ፤ የሐሰት ሲግናሎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፣ ምክንያቱም ማሰራጫዎቹ ጄኔሬተር አላቸው። ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ ጠቃሚ ነው። መብራት ሲሄድ የሚጠፋ ችግር የቤት ውስጥ ጫጫታ ነው፤ እርሱን ፊልተሩ አያስወግደውም፣ የሚረዳው ገመዱ የሚጠመጠምበት ፌራይት የሚባል ጫጫታ አፋኝ ቀለበትና የተሻለ ቻርጀር ነው። መብራት ሄዶም የሚቀር፣ በአቴንዌተር ደግሞ ከልክ በላይ የሚወርድ ችግር ግን ፊልተሩ የተሠራለት ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ፊልተሩ እጄ እንደገባ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ናኖቪኤንኤ ለካሁት። ይህ የኪስ መለኪያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ርካሽ ሆኖ በመምጣቱ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ በረከት ነው፤ ከመለካት በፊት በክፍት፣ በአጭር፣ በ50 ኦምና በቀጥታ ግንኙነት ማስተካከልን መርሳት ግን ውጤቱን ዋጋ ያሳጣዋል። በ97 ሜጋኸርዝ ያገኘሁት ቅነሳ 46 ዴሲቤል ነው፤ ይህ ማለት ከገባው ኃይል ከሃያ ሺህ አንድ እጅ እንኳ አያልፍም ማለት ነው። በመካከለኛው ክልል፣ ከ92 እስከ 105፣ ከ40 በታች አልወረደም። ዳርና ዳሩ ላይ ግን ደከም ይላል፤ በ88 ላይ 23 ዴሲቤል፣ በ108 ላይ 27 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሻጩ በገጹ ላይ በጠቅላላው ክልል 50 ዴሲቤል እንደሚያግድ ጽፎ ስለነበር ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ፤ በ107.8 ላይ የሚሰማው ጠንካራ ስርጭት አጠገቡ ላለ ሰውም ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

በሚያሳልፈው በኩል ደግሞ ያየሁት ጥሩ ነው። በ137 ሜጋኸርዝ የሚያጠፋው 0.6 ዴሲቤል ነው፣ በ145 ከዚያም ያንሳል፣ በ400 አካባቢ 0.4 ነው። ከኤፍኤም ክልል በቅርብ ያለው ግን ይጎዳል፤ በ118 ወደ 3 ዴሲቤል ይወስዳል፤ ይህ ማለት የዚያን ክልል ሲግናል ኃይል ግማሹን ያጣሉ ማለት ነው። ለእኔ ዓላማ 0.6 ዴሲቤል ምንም ማለት አይደለም። በ137 ሜጋኸርዝ ከሰማይም ከከተማውም የሚመጣው ጫጫታ ከተቀባዩ የራሱ ጫጫታ ስለሚበልጥ፣ ፊልተሩ ሲግናሉንም ጫጫታውንም አብሮ በጥቂቱ ቢቀንስ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይለወጥም።

በመጀመሪያው ቀን በሳተላይቱ ላይ ያየሁት ለውጥ ግን እንደጠበቅሁት አልሆነም፤ ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ። መለኪያው 46 ዴሲቤል እያለኝ፣ ተቀባዩ ላይ 97.1 የወረደው በ24 ዴሲቤል ብቻ ነበር። ፊልተሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ከዚያ አንቴናውን ሙሉ በሙሉ ነቅዬ የፊልተሩን መግቢያ በ50 ኦም መዝጊያ ዘጋሁት፤ ምንም ነገር ሊሰማ በማይገባበት ሁኔታ 97.1 አሁንም በግልጽ ይሰማል። ስለዚህ ሲግናሉ በበሩ ሳይሆን በግድግዳው በኩል እየገባ ነበር። የመጀመሪያው ተቀባዬ ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የሁለት ሜትር የዩኤስቢ ገመድም ራሱ እንደ አንቴና ያገለግላል። በገመዱ ልባስ ላይ የሚሮጠው የኤፍኤም ሲግናል ፊልተሩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ቦርዱ ይደርሳል።

መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ ሞከርኩ። ፌራይት ቀለበት ውስጥ የዩኤስቢውን ገመድ ስድስት ጊዜ ስጠመጥመው 97.1 በ7 ዴሲቤል ወረደ። ተቀባዩን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዬ ፎይሉን ከኤስኤምኤ ኮኔክተሩ አንገት ጋር በደንብ ሳገናኘው ሌላ 8 ወረደ፤ ፎይሉ ከኮኔክተሩ ጋር ሳይነካካ ዝም ብሎ ሲጠቀለል ግን ምንም አልጠቀመም፣ እንዲያውም በአንድ ቦታ አባሰው። በመጨረሻ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ የአሉሚኒየም የሆነ ተቀባይ ሳገኝ፣ በተቀባዩ ላይ የማየው ቅነሳና በመለኪያው ላይ ያየሁት ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። ፊልተሩን ገዝቶ «ምንም አልሠራልኝም» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር አሁን የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የተቀባዩ ሽፋን ከምን እንደተሠራ ነው።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ የተገኘው ውጤት ያለ ማጋነን የሚያስደስት ነው። የተቀባዩን ጌይን (የማጉላት መጠን) አስቀድሜ ከ20 ዴሲቤል በላይ ከፍ ማድረግ አልችልም ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ የሐሰት ሲግናሎቹ ስክሪኑን ይሞሉታል። አሁን እስከ 40 ድረስ ንጹሕ ነው። የሲግናልና የጫጫታ ልዩነቱ ሳተላይቱ ከአናት በላይ ሲሆን ከ4 ወደ 11 ዴሲቤል ወጣ። ከተጫነ በኋላ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የተቀበልኩት ምስል ከቀይ ባሕር ጀምሮ የአፋርን ዝቅተኛ መሬት፣ የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች ተራ በተራ፣ ከዚያም የኬንያን ደጋ ያለ አንዲት ጥቁር መስመር አሳየኝ። ዝዋይንና ላንጋኖን ለይቼ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እናቴንም ጠርቼ አሳየኋት።

ያን የጠላሁትን አምፕሊፋየርም መልሼ አስገባሁት፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ፊልተሩ ከአንቴናውና ከአምፕሊፋየሩ መካከል መሆን አለበት። አምፕሊፋየሩ ከፊት ሆኖ ፊልተሩ ከኋላ ከመጣ፣ መዛባቱ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አስቀድሞ ስለሚፈጠር፣ ፊልተሩ የሚያጠፋው የኤፍኤሙን ራሱን እንጂ በ137 ላይ የተወለደውን የሐሰት ሲግናል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተወለደ ከእውነተኛው የሚለየው ነገር የለም። ደካማ ሲግናል በሚመጣበት የጊጋኸርዝ ክልል የሚሠሩ ሰዎች ከአምፕሊፋየሩ በፊት የሚጠፋውን እያንዳንዱን የዴሲቤል ክፍልፋይ ስለሚቆጥሩ ፊልተሩን ወደ ኋላ ያደርጉታል፤ በ137 ሜጋኸርዝ፣ ያውም በከተማ መሐል፣ ይህ ምክንያት አይሠራም። ሌላው ጠቃሚ ነገር ፊልተሩ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ማሳለፉ ነው። በመልቲሜትር ስለካው የሁለቱ ኮኔክተሮች መካከለኛ ፒኖች እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከሳጥኑ አካል ጋር ግን አይገናኙም። ስለዚህ ተቀባዩ በአንቴናው ገመድ በኩል የሚልከው 4.5 ቮልት ፊልተሩን አልፎ ለአምፕሊፋየሩ ይደርሳል። ይህን ሻጩ የትም ቦታ አልጻፈውም፤ ሁሉም ፊልተር እንዲህ ስላልሆነ ቮልቱን ከማብራታችሁ በፊት በመልቲሜትር እንድትፈትሹ አጥብቄ እመክራለሁ።

የአሠራሩ ጥራት መካከለኛ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ብየዳው ንጹሕ ነው፣ ጥቅልሎቹ ግን በሙጫ አልተያዙም፣ ሳጥኑ ከወደቀ ቅርጻቸው ተለውጦ የሚያግዱት ክልል ሊዛወር ይችላል። ጣሪያ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ክዳኑ ውኃ አይከላከልም፤ እኔ ከክረምቱ በፊት በኮኔክተሮቹ ላይ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ጠምጥሜበት ሐምሌንና ነሐሴን ያለ ችግር አልፏል።

ከውጭ የሚያመጣለት ሰው የሌለው አንባቢ ምን ያድርግ ለሚለው፣ በመጀመሪያ ጌይኑን በእጅ ዝቅ ማድረግን ይሞክር፤ አውቶማቲክ የሆነው ብዙ ጊዜ በጠንካራ ጣቢያ አካባቢ የተሳሳተ ምርጫ ያደርጋል። ከዚያ ቀጥሎ ከኮአክሲያል (የአንቴና) ገመድ ቁራጭ የሚሠራ ማገጃ አለ። ተራ የአርጂ-58 ገመድ በ50 ሴንቲ ሜትር ግድም ተቆርጦ ጫፉ ክፍት እንደሆነ በቲ ኮኔክተር ከአንቴናው መስመር ጋር ሲያያዝ፣ በ98 ሜጋኸርዝ ላይ የሩብ ሞገድ ርዝመት ስለሚሆን ያንን ፍሪኩዌንሲ ወደ መሬት እንደ ማውረድ ያህል ያጠፋዋል። ርዝመቱ 76 ሳይሆን 50 የሆነው ሞገዱ በዚያ ገመድ ውስጥ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ነው። እኔም ሠርቼ ለክቼዋለሁ፤ በመካከሉ በጣም ጥሩ ነው፣ በ90 እና በ108 ግን የሚያግደው ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ በ137 ላይም ወደ 2 ዴሲቤል ይወስዳል። አንድ ጣቢያ ብቻ ለሚያስቸግረው ሰው ይበቃል፤ እንደ አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ክልል ላለው ግን የተገዛው ፊልተር በግልጽ ይበልጣል።

አጭር ሞገድ ለምትከታተሉም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። የሁለት ጣቢያዎች ልዩነትም የሐሰት ሲግናል ይወልዳል፤ ከ107.8 ላይ 98.1 ሲቀነስ 9.7 ሜጋኸርዝ ነው፣ ይህም በ31 ሜትር ባንድ መሐል የሚገኝ ነው። በዚያ ላይ የማይጠበቅ የአገር ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማችሁ ከሆነ ከመጠራጠራችሁ በፊት ይህንን ፊልተር ሞክሩት። በተቃራኒው ይህን ተቀባይ የኤፍኤም ጣቢያዎችን ራሳቸውን ለመስማት የሚጠቀም ሰው ፊልተሩ አያስፈልገውም። ለማስመጣት የሚያስቡም ስለ ሬዲዮ ዕቃዎች ያለውን ደንብ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ፊልተሩ ራሱ ምንም የማያሰራጭ ዕቃ ቢሆንም አብሮት የሚመጣው ተቀባይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

ለጥር በዓል ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ወዳለው የአያቶቼ አገር ስሄድ ዕቃውን ሁሉ ይዤ ነበር። እዚያ የኤፍኤም ስርጭት የሚሰማው በአንድ ጉብታ ላይ ተወጥቶ ነው። አንቴናውን በአጥሩ ላይ አስሬ አንድ ጊዜ ከፊልተሩ ጋር፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ያለ ፊልተሩ ተቀበልኩ፤ በሁለቱ ምስሎች መካከል አንዳች ልዩነት ላገኝ አልቻልኩም፣ ጌይኑም በሁለቱም ጊዜ እስከ 40 ድረስ ያለ ምንም የሐሰት ሲግናል ወጣ። ስመለስ ፊልተሩን እዚያው ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼው ነበር፤ አዲስ አበባ በደረስኩበት ምሽት ሳልገጥመው ተቀባዩን ስከፍት በ118.5 ላይ ዜናውና ሙዚቃው ተደራርበው እንደ ቀድሞው ጠበቁኝ።